ከሥዕለ ማርያም በታች ያለችው ቢምቢ

ዛሬ ጠዋት የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ መጡ። እህሉን ሸፍኑ፣ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱ አሉን። እኔም የማርያምን ሥዕል ተሳልሜ አወረድሁ። ከሥሯ የምትሰቀለውን ትንሿን ፎቶግራፍ ግን አንዱ ረጪ ቀድሞኝ አነሣት። ልጅ እግር ነው፤ ጢሙ ገና አልወጣም። ፎቶግራፏን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ አየና ሳቀ።

«እማማ፣ ቢምቢ ነው እንዴ ቤትዎ የሚሰቀለው?»

«አዎ ልጄ።»

እንደገና አያት። ሥራው ነውና ጠጋ ብሎ አያት። «ደግሞም ተሳስተዋል» አለኝ፤ «ይቺ የወባዋ አይደለችም። ተራ ቢምቢ ናት። የወባዋ እንዲህ አትቀመጥም።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ሌላ ነገር የምናገር መስሎት ጠበቀኝ። እኔ ግን ፎቶግራፏን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ወጣሁና ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ከቤት ውስጥ የመድኃኒቱ ሽታ ይመጣል፤ ኖራ ይመስላል፣ አፍንጫ ይቆነጥጣል። በዚያ ሽታ መካከል፣ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ የእርጥብ አፈርና የጤና አዳም ሽታ መጣብኝ። የእናቴ ጓሮ ሽታ ነው።

አንቺም ልጄ፣ በልጅነትሽ ስለዚህች ፎቶግራፍ ጠይቀሽኝ ነበር። ስታድጊ እነግርሻለሁ አልሁሽ። አደግሽ፣ ወለድሽ፣ እኔ ግን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ልንገርሽ።

እኔ ልጅ ሳለሁ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው ነበር። ጣቢያው፣ ከፊት ለፊቱ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ እንደ እኛ ያሉ የሣር ቤቶች፤ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። ባቡሩ ሲመጣ መጀመሪያ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ፉጨቱ ይሰማል፤ በመጨረሻ የጭሱና የትኩስ ዘይቱ ሽታ በነፋስ ይደርሰናል። አባቴ የጣቢያው የውኃ ዘበኛ ነበሩ። ለባቡሩ የሚቀዳውን ውኃ የሚይዘውን ትልቁን የብረት ጋን የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ «የባቡሩ አጠጪ» ይላቸው ነበር፤ አይከፋቸውም።

አባቴና እናቴ የምንጃር ሰዎች ናቸው። ወደ አዳማ ሲወርዱ እኔ በእናቴ ጀርባ ነበርሁ አሉ። ቤቱን በእጃቸው ሠሩት። ለጭቃው አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ ከቤቱ ጀርባ ቀረ። አባቴ ሊደፍኑት ሲሉ እናቴ «ይተዉት፣ ውኃ ይያዝልኝ» ብላ ለመነቻቸው። ብዙ የምትለምን ሴት አልነበረችምና ተዉላት። እንዲያውም ከብረቱ ጋን ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ በቦይ መርተው ወደ ጉድጓዱ አገቡላት። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በበጋም አይደርቅም ነበር።

በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል የእናቴ ጓሮ ብቻ ለመለመ። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ በቤቱ ሣር ላይ የሚወጣ የዱባ ሐረግ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አንድ የሎሚ ችግኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ ከጉድጓዱ በቅል እየቀዳች ሥር ሥሩን ታጠጣለች። ውኃው የጋለውን አፈር ሲነካ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አፈሩ እፎይ የሚል ይመስላል። ከዚያ ሽታው ይነሣል። ታናሽ ወንድሜ የጉሎ ቅጠል በውኃው ላይ እያንሳፈፈ «ባቡር! ባቡር!» ይላል። ሰማዩ ይቀላል፣ ውኃውም ይቀላል። እናቴ ቅሏን እንደ ያዘች ቀና ብላ ታየዋለች። አዳማን ቆላ ነበር የምትላት፤ ጓሮዋን ግን አገሬ ትለው ነበር።

ከአትክልቱ ዳር፣ ጥላ በሚውልበት ግድግዳ ሥር፣ የጠበል ማሰሮ ነበረን። ጠበሉ ከአገር ቤት፣ እናቴ ክርስትና ከተነሣችበት ደብር፣ በቅል ተይዞ የመጣ ነው። ሲመጣ ጥቂት ነበር። በጠበል ላይ ንጹሕ ውኃ ቢጨምሩበት ያው ጠበል ነው ብላ ስለምታምን እናቴ ሲጎድል ትሞላዋለች፣ ሲጎድል ትሞላዋለች። ስለዚህ ያ ማሰሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ታጥቦም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እህል ሳንቀምስ አንድ አንድ ጉንጭ ታጠጣናለች፤ በእርጥብ ጣቷም ግንባራችን ላይ መስቀል ትሠራልናለች። ያ የጣቷ ቅዝቃዜ አንዳንድ ጠዋት ገና ሳልነቃ ይሰማኛል።

ክረምቱ ሲወጣ ግን ንዳድ ይገባል። ያኔ ወባ አንለውም፤ ንዳድ ነው የምንለው። ከእኔ በታች አንዲት እኅት ነበረችኝ፤ በአደይ አበባ ወራት ሄደች። ከእሷ በታች የነበረው ወንድሜ በከርሞው ተከተላት። አንዱ የበቆሎ እሸት ስለ በሉ ነው ይላል፤ ሌላው የቆላ ነፋስ ነው ይላል፤ ሌላው ዓይን ነው ይላል። እናቴ ምንም አትልም። ሁለቱም ታመው ሌላውን ሁሉ እንቢ ሲሉ ያን ጠበል ብቻ ነበር የተቀበሏት። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በእጇ ያጠጣቻቸው እሱን ነው።

ከዚያ ተራው የትንሹ ሆነ፤ የጉሎ ቅጠል የሚያንሳፍፈው። ቀትር ላይ፣ ድንጋዩ ሁሉ በሚግልበት ሰዓት፣ ጋቢ ተደራርቦለት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ለጊዜው ተረፈ። አባቴ ግን ከራስጌው ተነሥተው ቁርጡን ተናገሩ።

«ይኸኛውን ለአፈር አልሰጥም። ጥምቀት ሲያልፍ የምንጃር ነጋዴዎች ሲመለሱ ወደ እኅቴ ይሄዳል።»

«እስከ መቼ?» አለች እናቴ።

«እዚያው ደጋ ይደግ። እኅቴ ልጅ የላትም። እሷን እናቴ ይበል።»

እናቴ «እሺ» አለች። በዚያ ምሽት ግን ያጠጣችውን የጎመን መደብ ተመልሳ ደግማ ስታጠጣው አየኋት።

ሐኪሙ የመጣው ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። የየቤቱ ጥራጊ ተቃጥሎ ጭሱ ገና ከግራሮቹ ላይ አልለቀቀም። ከጣቢያው ሠራተኞች ብዙዎቹ ስለ ተኙ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በባቡር ተልኮ መጣ። ከእሱ ጋር ከድሬዳዋ የመጣ አስተርጓሚ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ለበሽተኛው ሁሉ መራራ ኪኒን ሰጡ፤ ለወንድሜም ሰጡት። ከዚያ ሐኪሙ በየጓሮው እየዞረ ተመለከተ። የእኛ ጓሮ ሲደርስ ቆመ። አትክልቱን አየ፣ ውኃውን አየ፣ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው። የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ወደ እኛ ተጠሩ።

አስተርጓሚው ከቦርሳው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጨርቁን ቀስ አድርጎ ሲገልጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኛ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚመጣ ሥዕል ከቅዱሳን ሥዕል በቀር አናውቅም። ከሁሉ ቀድመው ጎረቤታችን መነኩሲቷ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ግንባራቸውን አስነኩ፤ ከዚያም ተሳለሙት።

«ኧረ እማሆይ! ቢምቢ ነው! ቢምቢ!» አለ አስተርጓሚው።

እማሆይ ቀና አሉ። «ምን?»

«የሳሙት ቢምቢ ነው። ይቺው የምትነክሰዋ!»

እማሆይ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ጀመር። «ይህን ሁሉ ዘመን መንኩሼ መጨረሻዬ ቢምቢ መሳለም ሆነ? በሉ እናንተ አትሳቁ! ለንስሐ አባቴ የምነግረው እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። እናቴ እንኳ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጠጋ ብለን አየን። ፎቶግራፎቹ ሁለት ናቸው፤ ከመዳፍ አይበልጡም። ቢምቢዋ ግን በማጉያ መነጽር ጎልታ ስለ ተነሣች እንደ ፌንጣ ትታያለች። በአንደኛው ላይ ያለችው ጎበጥ ብላ፣ ሆዷን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ ተቀምጣለች። የሁለተኛው አቀማመጧ ሌላ ነው። ጭንቅላቷን ደፍታለች፤ ኋላዋን ወደ ላይ አንሥታለች።

«ሐኪሙ የሚለው እንዲህ ነው» አለ አስተርጓሚው። «ንዳድ በነፋስ አይመጣም፤ በእሸትም አይመጣም። ይቺ ናት የምታመጣው።» ራሷን የደፋችውን በጣቱ አሳየ። «ያቺ ጎባጣዋ ትነክሳለች እንጂ ንዳድ የላትም።»

አባቴ ከኋላ ቆመው ነበር። «ቢምቢ ሰው ገደለች በል! ጅብ በሚያድርበት አገር!»

«እኔን ምን ይሉኛል ጌታዬ? እኔ የሱ አፍ ነኝ።» ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እሱም ቀጠለ፤ «ሁለቱም ከውኃ ላይ ይወለዳሉ ይላል። ሥዕሎቹን እስክንመለስ እዚሁ እንተዋቸዋለን። ውኃ ያለበትን ሁሉ እዩ፤ የትኛዋ ከየትኛው ውኃ እንደምትወጣ ለዩ። ይቺ የምትወጣበትን ካገኛችሁ ያን ውኃ አድርቁት።»

እናቴ ከእንግዳ ወንድ ጋር ስትነጋገር ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ድምፅዋ ከሴቶቹ መካከል ወጣ።

«ያን ውኃ ካደረቅሁት ልጄ ከእኔ ጋር መቅረት ይችላል?»

አስተርጓሚው መሳቁን ተወ። ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ከበሩ ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠውን ወንድሜን አየውና አጭር ነገር ተናገረ።

«ተስፋ አለው ይላል።»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ መሬት መሬት እያዩ «እስከ ጥምቀት ነው» አሉ። «ነጋዴ ሰው አይጠብቅም።»

ሐኪሙ ገና ከግቢው ሳይወጣ ሴቶቹ ውኃ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ይከፍቱ ጀመር። አንዷ የጠበሉን ማሰሮ ክዳን አነሣች። «ውይ!» አለች። ሄደን አየን። ጥቃቅን ትሎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፤ ጥላችን ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሸሻሉ።

አባቴ መጥተው አጎንብሰው አዩ። «ይኸው» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ስንፈልገው የኖርነው እቤታችን ነው።»

የዚያን ጊዜ የእናቴን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። እጇን የማሰሮው አፍ ላይ ከደነችው፤ የሕፃን ዓይን ከክፉ ነገር እንደሚሸፈን። ከዚያ ማሰሮ ነው ሁለቱን ልጆቿን ያጠጣቻቸው። ይህን ሌላው አላሰበውም። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

አባቴ ማሰሮውን ሊሰብሩት ያዙት።

«ጠበል ሰው በሚረግጥበት አይደፋም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይሸፈንና የሚወጣውን እንየው።»

ባሏን ስትቃወም የሰማኋት ያን ቀን ነው። አባቴ ለቀቁላት።

ወደ ቤት ገብታ ለገና ብላ ያስቀመጠችውን ነጠላ አወጣችና ከመካከሉ ቀደደችው። ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። ግማሹን በማሰሮው አፍ ላይ ወጥራ አሰረችው። ከዚያ ሐኪሙ ሁሉንም ውኃ እዩ ስላለ ከጉድጓዱም ጨለፈች። እዚያም ትሎች ነበሩ፤ ግን ቁልቁል አይንጠለጠሉም፣ እንደ ገለባ ስብራት ውኃው ላይ ተጋድመዋል። አፈ ሰፊ በሆነ ሌላ ሸክላ አድርጋ በቀረው ግማሽ ነጠላ ሸፈነችው።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። እናቴ በየማለዳው ጸሎቷን ስትጨርስ «ነዪ፣ ዓይንሽን አምጪ» ትለኛለች። የእሷ ዓይን በጭስ ደክሞ ከቅርብ አያይላትም። ፎቶግራፎቹን ከነጨርቃቸው ከሣጥኑ አውጥታ ትሰጠኛለች፤ ስታወጣቸው በሁለት እጇ ነው። አደራ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ በእግር ጣት ይገባል። የበሶብላው ቅጠል ጤዛ ይዟል። እኔ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ገና ነው እላታለሁ። እሷም ወደ ወንድሜ ትሄዳለች፤ ግንባሩን ትዳስሳለች። ጠበል ግን አታጠጣንም ነበር። ያን ሰሞን ግንባራችን ሳይታተብ ዋልን።

አንድ ማለዳ ከማሰሮው ነጠላ ሥር ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ታውቂዋለሽ፤ ከጆሮ አጠገብ የሚያለቅስ የሚመስለውን። እናቴ ለማየት አልደፈረችም።

«አንቺ እዪልኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፎቶግራፎቹን ከነጠላው አጠገብ ያዝሁ። ፀሐይ ከሎሚው ኋላ እየወጣች ስለ ነበር በስሱ ጨርቅ ውስጥ ጥላቸው ይታያል። በጎን በኩል ተንበርክኬ አየሁ። አንዷን አየሁ፣ ሌላይቱን አየሁ። ሆዳቸውን ከጨርቁ ጋር አስተካክለው ጎበጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ጎባጣዋ ናት» አልሁ።

«ሁሏም?»

«ሁሏም።»

«እንደገና እዪ።»

እንደገና አየሁ። «ራሷን የምትደፋ የለችም።»

እናቴ በግንባሯ መሬት ላይ ወደቀች። የሰገደች መስሎኝ እስክትነሣ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኋላ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ «እኔ ያጠጣኋቸው አይደለም፤ እኔ ያጠጣኋቸው አይደለም» ትላለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሌላው ሸክላ ተራ ደረሰ። የዚያን ጠዋት እማሆይም ነበሩ። እኔ ገና ፎቶግራፉን ሳላነሣ አወቅኋቸው። ራሳቸውን ደፍተው፣ ኋላቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ነጠላው ላይ ተሰድረዋል። ቤተ ክርስቲያን የማየው ሰው ትዝ አለኝና «የምትሰግደዋ ናት!» አልሁ።

እናቴ ይህን ጊዜ ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። ዓይኗን አጥብባ ብዙ ቆየች።

«የምትሰግደዋ ናት የምትገድለው?»

«ምን ያስደንቅሻል?» አሉ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «እኔ ስንት ሰጋጅ አይቻለሁ! ለማን እንደሚሰግድ ነው እንጂ ነገሩ።»

እናቴ አልሳቀችም። ቀና ብላ ጓሮዋን አየች። ጎመኑን፣ ሽንኩርቱን፣ የዱባውን ሐረግ፣ የሎሚውን ችግኝ። በመጨረሻ ጉድጓዱን አየች። የወንድሜ የጉሎ ቅጠል ባቡር ከውኃው ዳር ቆሞ ነበር።

አባቴ ከሥራ ሲመለሱ ነገረቻቸው። ወጥተው ጓሮውን አዩ። ከዚያ «ከተደፈነ እኮ አትክልትሽ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት።

«ይድረቅ» አለች።

በማግሥቱ አባቴ ቦዩን ከጉድጓዱ አዙረው ወደ ሐዲዱ ማዶ መሩት። ከሐዲዱ ዳር ጠጠር በጆንያ እየተሸከሙ አመጡ። እማሆይ አመድ በቁና አመጡ። ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን በኦሮምኛ «አካም ቡልታን?» ብላ ሰላምታ እየሰጠች ገባች፤ ነገሩን ስትሰማ ወተቱን አስቀምጣ መቆፈሪያ ያዘች። እናቴ ግን የመጀመሪያውን አፈር ማንም እንዲጥል አልፈቀደችም። ዶማውን ይዛ ቆመች። ወንድሜ ከአጠገቧ ቆሞ «ባቡሬስ?» አላት። ዝቅ ብላ ቅጠሉን ከውኃው አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ አፈሩን ጣለችው። ውኃው እንደ መታፈን ያለ ድምፅ አሰማ።

«አይዞሽ፣ ጀባዱ» አለቻት ጎረቤታችን፤ በርቺ ማለቷ ነው።

የማሰሮውን ጠበል እማሆይና እናቴ በነጠላ አጥልለው ከሎሚው ሥር፣ እግር በማይረግጥበት አፈሰሱት። ማሰሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ታጠበ።

ጓሮው ቶሎ ነው የሄደው። ገና ሲደርስ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። እናቴ የተቀደደውን ነጠላ ሰፍታ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስፌቱ በጀርባዋ ላይ እንደ መንገድ ይታያል። ከዚያ የዱባው ሐረግ ከቤቱ ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ደረቀ። ሎሚው ጥቂት ታገለ። ወተት የምታመጣዋ ጎረቤታችን የጠወለገውን ጎመን ለጥጃዋ ነቅላ ስትወስድ እናቴ አብራት ነቀለች። ምሽት ላይ ከልማዷ ቅሏን ይዛ ትወጣና መሬቱን አይታ ትመለሳለች። ያ ሽታ ከቤታችን ጠፋ። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ነገር ግን ሽታ እንደሚሞት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜን ንዳዱ አልተመለሰበትም። ኪኒኑ ይሁን፣ የጉድጓዱ መደፈን ይሁን፣ የበጋው መግባት ይሁን፣ የእግዚአብሔር ቸርነት ይሁን እኔ አልለይም። እናቴም አትለይም ነበር፤ ስለ ሁሉም ታመሰግን ነበር።

ጥምቀት አለፈ። አንድ ጠዋት የበቅሎዎች ደወል ተሰማ። የወንድሜ ልብስ በጨርቅ ተቋጥሮ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ ፀጉሩን ቅቤ ቀብታዋለች፤ ጭኗ ላይ አስቀምጣው እጁን ይዛለች። አባቴ ወደ ነጋዴዎቹ ወጡ። ደወሉ ቆመ። ሰው ሲነጋገር ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ደወሉ እንደገና ጮኸና እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

አባቴ ገብተው የተደፈነውን ጉድጓድ በበሩ በኩል አዩ። ከላዩ የተደለደለው አፈር መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

«ዘንድሮ ይቅር አልኋቸው» አሉ።

«ከርሞስ?»

«የከርሞውን ከርሞ እናያለን። ልብሱን ፍቺለት።»

እናቴ ቋጠሮውን ፈታች። አጥብቃ ቋጥራው ነበርና ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አባቴ አጠገቧ ቁጭ ብለው አብረዋት ፈቱ።

ሐኪሙና አስተርጓሚው የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ የሆነውን ሁሉ በጥቂት ቃል ነገረቻቸው፤ የምትሰግደዋ ከጉድጓዱ፣ ጎባጣዋ ከማሰሮው። ሐኪሙ ወደ ጓሮው ሄደ። ደረቁን መደብ አየ። ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመ።

ፎቶግራፎቹን ሲረከቡ እናቴ አንዷን አልለቀቀችም።

«ይቺን ይተዉልኝ» አለች።

አስተርጓሚው አያትና ተገረመ። «ይቺን? ምንም የማታደርገውን? ጠላትሽ ያቺኛዋ ናት እኮ። አውቀሽ እንድትጠነቀቂ።»

«ያቺን አውቃታለሁ። ይቺን ነው የምፈልግ።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ትከሻውን ነቀነቀና ተወላት። ምን እንደ ለመነችው አላወቀም። እናቴ ፎቶግራፏን በተሰፋው ነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ከማርያም ሥዕል ሥር ሰቀለቻት። በማግሥቱ ጠዋት ከታጠበው ማሰሮ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አዲስ ጠበል አንድ አንድ ጉንጭ አጠጣችን። ግንባራችን ላይ መስቀል ሠራችልን። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

ስለ ጉድጓዱ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችም። «ይተዉት፣ ውኃ ይያዝልኝ» ብላ የለመነችው እሷ እንደ ነበረች እኔ አውቃለሁ፤ አባቴም ያውቁ ነበር። እሳቸውም ሳያነሡባት ሞቱ። እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ ዳግመኛ አትክልት አልተከለችም። ችግኝ ሲያመጡላት ለጎረቤት ትሰጣለች። ከዚህች ፎቶግራፍ ፊት ግን ጠዋትና ማታ ትቆም ነበር። ለማርያም የምትጸልይ ይመስላል፤ ለማርያምም ትጸልያለች። እኔም ልጅ ወልጄ ከታመመብኝ በኋላ ነው ያን አቋቋም ያወቅሁት። ከእጇ የሰጠቻቸው ነገር እንዳልገደላቸው በየቀኑ ማየት ያስፈልጋት ነበር።

አጎትሽን ታውቂዋለሽ። ጢሙ ሸብቷል፣ ልጆቹን ድሯል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው በዓል መጥቶ ስለ ልጅነታችን ስንጫወት ስለ ጓሮው አነሣሁለት።

«እኛ ቤት አትክልት ነበር እንዴ?» አለኝ። «እኔ የማስታውሰው አቧራ ብቻ ነው።»

«ነበር» አልሁት። የጉሎ ቅጠሉንም ልነግረው ነበር። ተውሁት። እሱ ቁጭ ብሎ እየበላ ነበርና እሱን ማየቱ ብቻ በቂዬ ሆነ።

ረጪዎቹ ሲጨርሱ ያ ልጅ እግር ከቤት ወጣ። እጁ ነጭ ሆኗል። ውኃ በማንቆርቆሪያ አምጥቼ አስታጠብሁት። ከእጁ የወረደው ውኃ አቧራው ላይ ሲያርፍ አፈሩ እፎይ አለ።

«እማማ፣ መልሰው ሊሰቅሏት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«እጅህ ይባረክ ልጄ» አልሁት። «ያኔ እናንተ ብትኖሩ ኖሮ...» አልሁና አልጨረስሁትም።

እሱም የመድኃኒቱን ቆርቆሮ ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዝሁ እርጥቡ አፈር አጠገብ ቆምሁ። ሽታው ተነሣ። ትንሽ ቆየ። ፀሐዩ ብርቱ ነበርና ወዲያው ደረቀ።